የኤክስኤስኤልቲ ስታይልሺትን ኮምፓይል አድርጎ ማቆየት፦ ከአዳማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኞቻችን የጭነት ሰነዶቻቸውን በኤክስኤምኤል ይልኩልናል። እኛ በኤክስኤስኤልቲ ወደ ኤችቲኤምኤል ቀይረን እናትማለን፤ ሾፌሮቹ ይዘውት ወደ ሞጆ ወይ ወደ ጅቡቲ መስመር ይወጣሉ። ፕሮግራሙ በጃቫ የተጻፈ ነው። ስታይልሺቱ በጣም ረጅም ነው፣ ሌሎች ፋይሎችንም ኢምፖርት ያደርጋል። ሰነዶቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ በአንዴ ሲመጡ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፣ ሰልፍ ይበዛል። ስታይልሺትን ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እንዴት ይደረጋል? ምን ያህልስ ያፈጥናል? ቢያስረዱኝ።»

ሰላም እህቴ። አዎ፣ እውነት ነው፤ ስታይልሺትን፣ ማለትም ኤክስኤምኤል ሰነድ እንዴት እንደሚቀየር በኤክስኤስኤልቲ ቋንቋ የተጻፈውን መመሪያ፣ ኮምፓይል ማድረግ (ማሽኑ በቀጥታ ወደሚያስኬደው ቅርጽ አስቀድሞ መቀየር) ይቻላል። ያንቺ ሁኔታ ደግሞ ነገሩ ከልብ የሚጠቅምበት ነው። ስታይልሺቱ ትልቅ፣ ሰነዱ ትንሽ፣ ድግግሞሹ ብዙ። እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ሰነዱን በመቀየር ሳይሆን ለመቀየር በመዘጋጀት ነው። የሚያስፈልግሽ መሣሪያ ጃቫው ውስጥ አለልሽ፤ የምትገዢው ነገር የለም። የሚነካው ኮድም ጥቂት መስመር ነው። ግን ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ሳይገባሽ ከነካሽው ሌላ ጣጣ ይዞብሽ ይመጣል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

አንድ ሰነድ ሲመጣ ፕሮግራምሽ ምን እንደሚሠራ እንይ። መጀመሪያ የስታይልሺቱን ፋይል ከዲስክ ያነባል። ስታይልሺት ራሱ ኤክስኤምኤል ነው፤ ስለዚህ እንደማንኛውም ኤክስኤምኤል በፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ በሚተነትነው ክፍል) ያልፋል። ኢምፖርትና ኢንክሉድ የተደረጉትን እየተከተለ እነሱንም ያነባል። ከዚያ እያንዳንዱን የኤክስፓዝ ሐረግ (ከሰነዱ ውስጥ የተፈለገውን ክፍል የሚጠቁመውን) ይፈታል። የትኛው ቴምፕሌት (የቅየራ ደንብ) ለየትኛው ኤለመንት እንደሚሠራ፣ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ይወስናል። ቫሪያብሎቹ የት እንደተገለጹና የት እንደሚጠሩ ያያይዛል፤ ስህተት ካገኘ ይጮኻል። ልብ በይ፣ እስካሁን የጭነት ሰነዱ አልተነካም። ይህ ሁሉ ሥራ ማን እንደጫነና ምን እንደተጫነ አያገባውም። ሰነዱ የሚነበበውና የሚቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ያ ሁሉ ዝግጅት ይጣላል፤ ቀጣዩ ሾፌር ሲመጣ ከሀ ይጀመራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊጥ አይቦካም፤ ፕሮግራምሽ ግን በየሾፌሩ እያቦካ ነው።

በጃቫ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ከጃቫ 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከጃቫው ጋር አብሮ የሚመጣው የኤክስኤስኤልቲ ሞተር ኤክስኤስኤልቲሲ ይባላል። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሠራው ነው፤ በኋላ ለአፓቼ ዛላን ፕሮጀክት ሰጠው። ይህ ሞተር ስታይልሺቱን አንብቦ በሚሞሪ ውስጥ ዛፍ ሠርቶ ብቻ አይተውም። ወደ ጃቫ ባይትኮድ፣ ማለትም የጃቫ ማሽን ወደሚያስኬደው ኮድ፣ ይቀይረዋል። የሚወጣው ክላስ ትራንስሌት ይባላል። እንግዲህ አስቢው። አንዲት ትንሽ ሰነድ ለማተም ፕሮግራምሽ አዲስ የጃቫ ክላስ ይጽፋል፣ ይጭናል፣ አንዴ ያስኬዳል፣ ይጥላል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ አያበቃም። የጃቫ ማሽን አንድን ሜተድ ደጋግሞ ሲያስኬደው ሙቅ መሆኑን አይቶ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ይቀይረዋል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያንቺ ክላስ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ትናንት የተጠራው ሌላ ክላስ ነበር፣ አሁን የተጠራውም ሌላ ነው። ስለዚህ የማሞቁ ጥቅም ጨርሶ አይደርሰውም። ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም ስታይልሺትሽ ሁሌም እንደ አዲስ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ አጠቃቀም ባይትኮድ የሚያመነጨው ሞተር፣ ዝም ብሎ ስታይልሺቱን እያነበበ ከሚያስኬድ ሞተር ሊብስ ይችላል። ሰው «ኮምፓይል ያደርጋል ስለተባለ ፈጣን ነው» ብሎ ይተማመንና የሚያጣው ይሄን ነው። ኮምፓይል መደረጉ ብቻውን አያፈጥንም። የሚያፈጥነው ኮምፓይል የተደረገውን ይዞ ማቆየት ነው።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። ምናልባት ትራንስፎርመርፋክተሪ የሚለውን ክላስ ትፈጥሪና ኒውትራንስፎርመር የሚለውን ሜተድ ስታይልሺቱን ሰጥተሽ ትጠሪዋለሽ። አብዛኛው የኢንተርኔት ምሳሌ እንደዚያ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ሥራ ምንም አይልም። አንቺ ግን በዚያ ቦታ ኒውቴምፕሌትስ የሚለውን ሜተድ ጥሪ። የሚመልስልሽ ቴምፕሌትስ የሚባል ዕቃ ነው። እሱ ኮምፓይል የተደረገው የጠቅላላ ስታይልሺቱ ቅጂ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ፍጠሪውና በስታቲክ ፊልድ ውስጥ አስቀምጪው። ከዚያ ሰነድ በመጣ ቁጥር ከቴምፕሌትሱ ላይ ኒውትራንስፎርመርን ያለ ምንም ግብዓት ትጠሪያለሽ። ይሄኛው ጥሪ ርካሽ ነው፤ ኮምፓይል የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ቴምፕሌትስን ብዙ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) በአንድ ጊዜ ሊጋራው ይችላል፤ ስታንዳርዱ ራሱ እንደዚያ ይላል። ትራንስፎርመርን ግን ሁለት ትሬድ በአንድ ጊዜ መጠቀም ክልክል ነው። ብዙ ሰው «አንዴ ፈጥሮ ማቆየት» የሚለውን ይሰማና ቴምፕሌትሱን ሳይሆን ትራንስፎርመሩን ስታቲክ አድርጎ ያስቀምጣል። ቢሮ ውስጥ ብቻውን ሲሞክረው ይሠራል። ፍጥነቱም ደስ ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ታርጋ ቁጥሩንና የሾፌሩን ስም ወደ ስታይልሺቱ የምታስገቢው በፓራሜትር ነው እንበል። የመጀመሪያው ትሬድ የአንዱን መኪና ታርጋ ያስገባል። ቅየራውን ሳይጀምር ሁለተኛው ትሬድ መጥቶ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ የሌላ መኪና ታርጋ ይጽፍበታል። ከዚያ የመጀመሪያው ቅየራውን ያስኬዳል። ሰነዱ ይወጣል። ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ሎግ ላይ ምንም የለም፣ ወረቀቱም ያምራል። ብቻ የአንዱ ጭነት በሌላው ታርጋ ታትሟል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ኬላ ላይ ሲያስቆሙት ነው። ከዝግታ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው፤ ዝግታ ይታያል፣ ይሄ አይታይም።

በአንድ ትሬድ ውስጥ አንዱን ትራንስፎርመር ለተከታታይ ሰነዶች መጠቀም ይቻላል። ያኔም ቢሆን ፓራሜትሮቹ ካላጸዳሻቸው ወደሚቀጥለው ሰነድ ያልፋሉ። አንዱ ሰነድ የተሳቢ ታርጋ ካለውና ቀጣዩ ከሌለው፣ የፊተኛው ተሳቢ ሁለተኛው ላይ ይታተማል። ክሊርፓራሜተርስ የሚል ሜተድ አለ። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ሰነድ አዲስ ትራንስፎርመር ከቴምፕሌትሱ ፈጥረሽ ሲያልቅ እንድትተዪው እመክርሻለሁ። አንዱን ደጋግመሽ በመጠቀም የምታተርፊው ጊዜ ኢምንት ነው፤ አዲስ በመፍጠር የምትድኚበት ራስ ምታት ግን ብዙ ነው።

ፋክተሪውንም በየሰነዱ አትፍጠሪ። ኒውኢንስታንስ የሚለው ጥሪ ቀላል ይመስላል እንጂ የትኛውን ሞተር መጠቀም እንዳለበት ፍለጋ ይወጣል። የሲስተም ፕሮፐርቲ ያያል፣ የጃቫውን የኮንፊገሬሽን ፋይል ያያል፣ ክላስፓዝ ላይ ያሉትን ጃር ፋይሎች ያስሳል፣ ካጣ የራሱን ይወስዳል። ይህ ፍለጋ ጊዜ ከመውሰዱ ሌላ ድንገተኛ ለውጥም ያመጣል። አንድ ባልደረባሽ ለሌላ ሥራ ብሎ የሳክሰንን ወይም የዛላንን (የሌሎች የኤክስኤስኤልቲ ሞተሮችን) ጃር ቢጨምር፣ ማንም ሳይነግርሽ ሞተርሽ ይቀየራል። ከጃቫ 9 ወዲህ ኒውዲፎልትኢንስታንስ የሚል ሜተድ አለ፤ ሁሌም ከጃቫው ጋር የመጣውን ሞተር ይሰጥሻል። የትኛውን እንደምትጠቀሚ በግልጽ መወሰኑ ይሻላል።

ኮምፓይል ስታደርጊ ከሚገጥሙሽ ነገሮች ሁለቱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሰው ብዙ ሰዓት የሚያቃጥልባቸው ናቸውና። አንዱ የኢምፖርት ጉዳይ ነው። ስታይልሺቱን በግብዓት ስትሪም ብቻ ከሰጠሽው ሞተሩ ፋይሉ የት ፎልደር እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ጎኑ ያሉትን ፋይሎች ማግኘት ያቅተዋል። ሶርሱን ስትፈጥሪ ሲስተምአይዲውን፣ ማለትም የፋይሉን አድራሻ፣ አብረሽ ስጪው። ሁለተኛው የስህተት መልእክት ነው። ኤክስኤስኤልቲሲ ስታይልሺቱ ላይ ችግር ሲያገኝ ኤክሴፕሽኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ስታይልሺቱን ኮምፓይል ማድረግ አልተቻለም» የሚል ባዶ ነገር ነው። እውነተኛው ምክንያትና የመስመር ቁጥሩ የሚሄደው ወደ ኤረር ሊስነሩ፣ ማለትም የስህተት መልእክት ወደሚቀበለው ክፍል፣ ነው። ካላስቀመጥሽለት ኮንሶል ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ሰርቨር ላይ ደግሞ ኮንሶሉን የሚያይ የለም። ኒውቴምፕሌትስን ከመጥራትሽ በፊት ፋክተሪው ላይ የራስሽን ኤረር ሊስነር አስቀምጪና መልእክቱን ወደ ሎግሽ አስገቢው።

ስታይልሺትሽ በጣም ረጅም ነው ስላልሽኝ አንድ ነገር ልጨምር። በጃቫ አንድ ሜተድ ከ64 ኪሎባይት በላይ ባይትኮድ መያዝ አይችልም። ኤክስኤስኤልቲሲ ቴምፕሌቶችሽን ወደ ሜተድ ስለሚቀይር፣ ሙሉውን ገጽ በአንድ ቴምፕሌት ውስጥ ያጎረ ስታይልሺት ይህን ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ሞተሩ ትልልቆቹን ለመከፋፈል የራሱን ጥረት ያደርጋል፤ ሁሌ ግን አይሳካለትም። መፍትሔው ግዙፉን ቴምፕሌት ወደ ትንንሽ ቴምፕሌቶች መበተን ነው። ለማንበብም ይቀላል።

ስታይልሺቱ ሲቀየርስ? ደንበኛ አዲስ ዓምድ ጠየቀ እንበል። ቴምፕሌትሱ ሚሞሪ ውስጥ ስለተቀመጠ ፋይሉን ብታስተካክዪም ፕሮግራሙ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። የተለመደው ዘዴ የፋይሉን የመጨረሻ የተሻሻለበትን ሰዓት እያዩ ሲቀየር እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። ያንቺ ስታይልሺት ግን ሌሎችን ይጠራል። ዋናውን ፋይል ብቻ የምታዪ ከሆነ ኢምፖርት በተደረገው ላይ የተደረገ ለውጥ ያመልጥሻል። ወይ ሁሉንም ፋይሎች ተከታተዪ፣ ወይ ደግሞ «አድስ» የሚል አንድ ትእዛዝ ለአስተዳዳሪ ብቻ አበጂለት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሰነድ ቅርጽ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ሰው መሆን አለበት። በየትኛውም መንገድ አዲሱን አስቀድመሽ ኮምፓይል አድርጊ፤ ከተሳካ ብቻ የአሮጌውን ቦታ ይያዝ። ካልተሳካ አሮጌው ሥራውን ይቀጥል። አንድ ያልተዘጋ ታግ ሰልፉን ሁሉ ማቆም የለበትም።

የመጀመሪያው ኮምፓይል መቼ ይሁን ለሚለው፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሾፌር ሲመጣ አይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ ይነሳል፤ ያኔውኑ ስታይልሺቱን ያዘጋጅ። እግረ መንገዱን አንድ የናሙና ሰነድ ደጋግሞ ቀይሮ ውጤቱን ይጣለው። የጃቫ ማሽኑ እንዲሞቅ ይረዳዋል። ስለ መብራት ካነሳን፣ የምታወጪውን ኤችቲኤምኤል በጊዜያዊ ስም ጽፈሽ ሲያልቅ ስሙን ቀይሪው። ግማሽ የተጻፈ ሰነድ ሙሉ መስሎ እንዳይታተም ይጠብቅሻል።

አሁን «ምን ያህል ያፈጥናል» ወደሚለው እንምጣ። ይህን ማንም ከሩቅ ሊነግርሽ አይችልም፤ መለካት ግን ቀላል ነው። ሦስት ቁጥር ያስፈልግሻል። ስታይልሺቱን ለማዘጋጀት የወሰደው ጊዜ፣ ሰነዱን ለማንበብ የወሰደው፣ ቀይሮ ለመጻፍ የወሰደው። በጃቫ ናኖታይም በሚለው ሜተድ ከፊትና ከኋላ ሰዓት መያዝ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አትቁጠሪያቸው፤ ማሽኑ ገና አልሞቀም። ለምሳሌ ዝግጅቱ 300 ሚሊሰከንድ፣ ንባቡና ቅየራው አንድ ላይ 15 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ 200 ሰነድ በአሁኑ አካሄድሽ 63 ሰከንድ የማሽን ጊዜ ይበላል። አንዴ ተዘጋጅቶ ከተያዘ 3.3 ሰከንድ ነው። በተቃራኒው አንድ ግዙፍ ፋይል ብቻ የሚቀይር ሰው ቢሆን፣ ቅየራው 90 ሰከንድ ፈጅቶ ዝግጅቱ ያው 300 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ ኮምፓይል ማድረጉ ልዩነቱ አይታወቅም። ስለዚህ ከመንካትሽ በፊት ለኪ። ቁጥሩ በእጅሽ ካለ አለቃሽንም ለማሳመን ይቀላል።

አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ነቅቶ የሚኖር ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ፋይል በስክሪፕት ጃቫን እንደ አዲስ የሚያስነሳ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ አይሠራም፤ ሚሞሪ ውስጥ ያስቀመጥሽው ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። ያኔ የመጀመሪያው ሥራሽ ፕሮግራሙን ነቅቶ የሚኖር አገልግሎት ማድረግ ነው። ካልሆነም ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በአንድ ጥሪ ጠቅልሎ እንዲሠራ አድርጊው።

ኮምፓይል ተደርጎም ከዘገየ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ የማየው ዲቲዲን፣ ማለትም የሰነዱን አወቃቀር ደንብ የያዘውን ፋይል፣ ነው። ደንበኞችሽ በሚልኩት ሰነድ አናት ላይ የዶክታይፕ መስመር ካለ፣ የጃቫው ፓርሰር ማረጋገጥ ባይጠየቅ እንኳ ያንን ዲቲዲ ሊያመጣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሰነድ። ኔትወርኩ ደህና ሲሆን ትንሽ ይዘገያል፤ ኔትወርኩ ሲሄድ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ የዓለም ችግር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የኤክስኤምኤልን ስታንዳርድ የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ሰርቨሮቹ ለዲቲዲና መሰል ፋይሎች በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጥያቄ እንደሚደርሳቸው ገልጾ ነበር። ማንም ሰው አይደለም የሚጠይቀው፤ እንዳንቺው ዓይነት ፕሮግራሞች ናቸው። በኋላም ሆን ብሎ ምላሹን ማዘግየት ጀመረ። ሰርቨሩ «ከበደው» የተባለበት ቀን ኢንተርኔቱ ደካማ ከነበረበት ቀን ጋር የሚገጥም ከሆነ እዚህ ፈልጊ። መድኃኒቱ ዲቲዲውን አውርዶ በዲስክ ላይ ማስቀመጥና በኤንቲቲ ሪዞልቨር ወይም ከጃቫ 9 ጀምሮ ባለው የካታሎግ አሠራር ወደዚያ ማዞር ነው። የማያስፈልግሽ ከሆነ የውጭ ዲቲዲ እንዳይጠራ ጨርሶ ዝጊው። ከውጭ የሚመጣ ሰነድ የምታነብቢ ስለሆነ ለደኅንነትም ይሄ ይሻላል።

ሁለተኛው ስታይልሺቱ ውስጥ ያለ ፍለጋ ነው። እያንዳንዱ የጭነት መስመር የዕቃ ኮድ አለው፤ ስሙ ደግሞ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው እንበል። በሁለት ስላሽ (//) ሙሉውን ሰነድ እያሰሰሽ የምታገኚው ከሆነ 1000 መስመርና 1000 ኮድ ሲገናኙ እስከ 1,000,000 ንጽጽር ይሆናል። ኪ የሚለውን የኤክስኤስኤልቲ ኤለመንት ተጠቀሚ። ሞተሩ አንዴ ማውጫ ይሠራና ከዚያ በቀጥታ ያገኘዋል። በኤክስኤስኤልቲ 1.0 ኪ የሚፈልገው አሁን ባለሽበት ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ሌላ ፋይል ውስጥ ከሆነ አስቀድመሽ በፎርኢች ወደዚያ ፋይል መግባት አለብሽ፤ ከ2.0 ጀምሮ ግን የፋይሉን ሥር በሦስተኛ ግብዓት መስጠት ይቻላል።

ዝርዝሩን በዶክዩመንት ፈንክሽን የምትጠሪው ከሆነ ሌላም የተደበቀ ወጪ አለ። ቴምፕሌትሱ ስታይልሺቱን እንጂ በዶክዩመንት የሚጠራውን ፋይል አይዝም። ስለዚህ የኮድ ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ሰነድ እንደ አዲስ ይነበባል፣ ዛፉም እንደ አዲስ ይሠራል። ዝርዝሩ ትልቅ ከሆነ ከጭነት ሰነዱ ራሱ በላይ ጊዜ የሚወስደው እሱ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን በሚያስፈልግሽ ልክ አሳጥሪው። በሳክሰን ከሆነ የምትሠሪው፣ አንዴ የተሠራውን ዛፍ በፓራሜትር ማሳለፍ ይቻላል።

ሳክሰንን ካነሳሁ አይቀር፣ ማይክል ኬይ የሠራው ይህ ሞተር ለጃቫ ሰው ትልቅ አማራጭ ነው። ከጃቫው ጋር የሚመጣው ሞተር በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤክስኤስኤልቲ 1.0 ብቻ ነው የሚያውቀው። በ2007 የወጣውን 2.0 እና በ2017 የወጣውን 3.0 የምትፈልጊ ከሆነ ሳክሰን ያስፈልግሻል፤ ኤችኢ የሚባለው እትም በነጻ ነው። የቴምፕሌትስና የትራንስፎርመር አጠቃቀሙ ያው ነው፤ ኮድሽ ብዙ አይቀየርም። ሰነዱን በዶም (በጃቫው መደበኛ የሰነድ አያያዝ) ዛፍ ሠርተሽ አትስጪው፤ ፋይሉን በስትሪም ስጪውና የራሱን ቀልጣፋ ዛፍ ይሥራ። ሳክሰን ኮምፓይል የተደረገን ስታይልሺት ኤስኢኤፍ በሚባል ፋይል አውጥቶ ዲስክ ላይ ማስቀመጥም ይችላል። ይሄ የሚጠቅመው ፕሮግራሙ ቶሎ ቶሎ ለሚነሳና ለሚወድቅ፣ ወይም ስታይልሺቱ ብሮውዘር ውስጥ ለሚሠራበት ሰው ነው። ያንቺ ሰርቨር ነቅቶ የሚኖር ከሆነ አያስፈልግሽም።

ይህን የሚያነቡ የሌላ ቋንቋ ሰዎችም ስላሉ ባጭሩ። በዶትኔት ኤክስኤስኤል ኮምፓይልድ ትራንስፎርም የሚባለው ክላስ ከዶትኔት 2.0 ጀምሮ አለ። ሎድ የሚለው ሜተድ ነው ኮምፓይል የሚያደርገው፤ አንዴ ጭናችሁ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት። በፓይተን ኤልኤክስኤምኤል ላይም ያው ነው፤ የኤክስኤስኤልቲውን ዕቃ ከሉፑ ውጭ ፍጠሩት። በኮማንድ ላይን ኤክስኤስኤልቲፕሮክን የምትጠቀሙ፣ በየፋይሉ ከመጥራት ይልቅ ፋይሎቹን ደርድራችሁ በአንድ ጥሪ ስጡት፤ ስታይልሺቱን አንዴ ብቻ ያዘጋጃል። ታይሚንግ የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ ያልኳቸውን ሦስት ቁጥሮች ራሱ ያትምላችኋል።

እህቴ፣ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልበልሽ። ስታይልሺት ፕሮግራም ነው። ደንበኛ «የእኛን ስታይልሺት ተጠቀሙ» ብሎ ቢልክልሽ ሳታዪ ኮምፓይል አታድርጊ። በ2022 እ.ኤ.አ. በኤክስኤስኤልቲሲ ላይ አንድ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር፤ ተንኮለኛ ስታይልሺት የሚመነጨውን ክላስ አበላሽቶ የራሱን ባይትኮድ እንዲያስኬድ ያስችል ነበር። በኋላ በወጡ የጃቫ እትሞች ተደፍኗል። ሰርቨርሽ ላይ ያለው ጃቫ ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ አሻሽዪው። ፋክተሪው ላይም ሴኪዩር ፕሮሰሲንግ የሚለውን አብሪ።

ጃቫውን ስታሻሽዪ ግን የሕትመቱን መልክ ፈትሺ። ቀደም ብለው ከታተሙት ሰነዶች የተለያየ ዓይነት ያላቸውን ምረጪ፣ በአሮጌውና በአዲሱ ቀይሪያቸው፣ ሁለቱን ውጤቶች በፋይል ማወዳደሪያ አስተያዪ። ከጃቫ 8 ወደ 9 ሲታለፍ ኢንደንት የሚደረግበት መንገድ ተቀይሯል። ስለዚህ ከ8 የምትነሺ ከሆነ ባዶ መስመሮች ሊበዙብሽ ይችላሉ። ልዩነቱ የባዶ ቦታ ብቻ ከሆነ ስታይልሺቱ አውትፑት ላይ ያለውን ኢንደንት «ኖ» አድርጊውና እንደገና አወዳድሪ። ቁጥር ወይም ታርጋ የተለያየበት ሰነድ ካገኘሽ ግን ወደ ሥራ አታስገቢው፤ ስታይልሺቱንና ሰነዱን የደንበኛውን ስም አጥፍተሽ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።